ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች

«ውሸታም ነው!» አለ ፋንታሁን፣ ከወገቡ በላይ ሚኒባሱ ውስጥ ተደፍቶ። «አሮጌውም ውሸታም ነበር፤ አዲሱም ያው ውሸታም ነው።»

እታገኝ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቆማለች። የጥር ውርጭ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ቀልጦ አላለቀም፤ ጠብ ጠብ ይላል። ሰው ሁሉ የሚሻማበት የሚኒባሱ የፊት ወንበር፣ ጋቢናው፣ ወደ ኋላ ተገልብጧል፤ ከሥሩ ሞተሩ ክዳኑን እንዳነሡለት ድስት ይንተከተካል።

«ማነው ውሸታሙ?» አለች።

ልጇ ምስክር መሪውን ተደግፎ ሳቀ። «እኔ አይደለሁም እማዬ፣ አትደንግጪ። ኦክስጅን ሰንሰሩ ነው።»

እሷ ኦክስጅን የምታውቀው በሆስፒታል ነው፤ አፍንጫው ላይ ቱቦ የተሰካለት በሽተኛ፣ ውጭ ደግሞ ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ የተዘጋጁ ዘመዶች።

«መኪናም ኦክስጅን ይሰጡታል?»

«አይሰጡትም እትዬ» አለ ፋንታሁን ቀና ብሎ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። በመሐል ሜዳ ከተማ «ኮምፒዩተር» ያለው መካኒክ እሱ ብቻ ነው፤ ኮምፒዩተር የሚሏትም መዳፍ የምታክል፣ ገመዷ ከመሪው ሥር የሚሰካ መሣሪያ ናት። «ይሄ ዕቃ የጭስ መውጫው ላይ ተቀምጦ ጭሱን ያሸታል። ጭሱ ውስጥ አየር ከበዛበት ‹ቤንዚን አንሷል› ብሎ ይናገራል፤ ሞተሩም እሱን አምኖ ቤንዚን ይጨምራል። እኔ ግን እሳት የሚጭረውን ካንዴላ አውጥቼ ባየው ጥላሸት ለብሷል። ሞተሩ ቤንዚን ጠግቦ እየሰከረ፣ እሱ ‹ራበው፣ ጨምሩለት› ይላል። ታዲያ ውሸታም አይባልም?» መሣሪያዋን አዙሮ አሳያት። «ይቺ ቁጥር እንደ ሰው ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ማለት ነበረባት። ይኸው፣ ዜሮ ነጥብ አንድ ላይ ተቸክላ ቀረች። ባለፈው ሳምንት አሮጌውን ፈትቼ ጣልኩት፤ አዲሱን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ገጠምኩ። እሱም ዜሮ ነጥብ አንድ!»

«ዛሬ እንደምንሄድ ግን ታውቃላችሁ አይደል?»

«እማዬ፣ ከነጋ ይሄ ስንተኛሽ ነው?»

ስንተኛዋ እንደሆነ እሷም አታውቅም። ነገ እሑድ የልጅ ልጇ ሰማንያ ቀን ይሞላታል። ልጇ የምሥራች ለመታረስ ከደብረ ብርሃን እናቷ ዘንድ መጥታ ሰንብታለች፤ ክርስትናው ደግሞ በባሏ አጥቢያ፣ ደብረ ብርሃን እንዲሆን ተቆርጧል። የእታገኝ ባል ዳኜ በጉን ይዞ ትናንት በአውቶቡስ ቀድሟል። የዛሬው አውቶቡስ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሄዷል። የቀረው ይኸው የምስክር ሚኒባስ ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ አራሷን ጋቢና አስቀምጦ ሊነሣ። ጋቢና ማን ይቀመጥ የሚል ክርክር እንኳ አልተነሣም። መንዝ በጥር ነው፤ ጋቢናው ደግሞ ሞተሩ ከሥሩ ስላለ እንደ ምድጃ ዳር ይሞቃል።

እታገኝ ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ክርስትናው ቢያልፍና ልጅቷ ሳትጠመቅ አንድ ነገር ብትሆንስ? ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ቢጋርደውስ? ፍሬኑስ?

ፍርሃቷን አገር ያውቀዋል። ስልክ ሲጠራ «ማን ሞተ?» ብላ ነው የምታነሣው። ዳኜ ገበያ ውሎ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ከነፍስ አባቱ ጀምራ ማን ማን እንደሚጠራ በልቧ ታሰላለች። ምስክር ለዚህ ጠባይዋ ስም አውጥቶላታል፦ «ቼክ ኢንጂን»። የሞተር ችግር አለ ብሎ ከመሪው ኋላ የሚበራው ቢጫ መብራት ስም ነው። «እሱም ሁልጊዜ ይበራል፣ እማዬም ሁልጊዜ ትበራለች፤ መኪናው ግን ይኸው ይሄዳል» እያለ ተሳፋሪ ያስቅበታል። ከመስከረም ጀምሮ አልጠፋ ያለውን መብራት ደግሞ ዓይኔን ወጋኝ ብሎ የእመቤታችንን ትንሽ ሥዕል ለጥፎበታል። እታገኝ መጀመሪያ ሥዕሏን ያየች ዕለት ልጇ ሃይማኖቱ ጠነከረ ብላ ደስ ብሏት ተሳልማ ነበር። ከሥዕሏ ሥር መብራት እንዳለ ያወቀችው በኋላ ነው።

«በቃ እንዲህ እናድርግ» አለ ፋንታሁን። «መብራቱን የሚያበራውን ኮድ ላጥፋላችሁ። መብራቱ ይጠፋል፤ ሄዳችሁ ደግሳችሁ ትመለሳላችሁ። እስከዚያ ሦስተኛ ሰንሰር አስመጣለሁ።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ ምስክር።

«መብራቱ ሲጠፋ ችግሩም ይጠፋል?» አለች እታገኝ።

«ችግሩማ ቤንዚን መብላቱ ነው፣ እትዬ። ቤንዚን ይበላል እንጂ ሰው አይበላ!»

ወንዶቹ ሳቁ። እሷም በግድ ፈገግ አለች፤ ያለ ነገር ክፉ የምታወራ ሴት መባል እሷንም ሰልችቷታል።

በዚህ መሐል እትዬ ደብሪቱ ከዘራቸውን እየወጉ፣ በሌላ እጃቸው አንድ ዘንቢል አንጠልጥለው ደረሱ። የልጅቷ ክርስትና እናት የሚሆኑት እሳቸው ናቸው። ስድስት ሰዓት ተብለው ሦስት ሰዓት ተኩል መጡ።

«ገና ነው እንዴ? እኔማ ጥላችሁኝ የሄዳችሁ መስሎኝ!»

«እርስዎን ጥለን ማንን ክርስትና ልናስነሣ?» አለ ምስክር። «ከፈለጉ ጋቢና ይግቡ፤ የምሥራችን እናስጠጋታለን።»

«ጋቢናህን ብላው!» አሉ እጃቸውን አወናጭፈው። «ሐሙስ ዕለት ከሞላሌ ያመጣኸኝ እዚያው ላይ አይደል? ራሴ ለሁለት ሲከፈል፣ ሆዴ ሲገላበጥ፣ ቤቴ ስገባ አስመልሶኝ እንደ እንጨት ወደቅሁ። ማታ ጎረቤቴ በስንት ጩኸት ነው የቀሰቀሰችኝ። ጋቢና ፊት ለፊት ነው፤ የመንገዱ ሰው ሁሉ ዓይኑን ይጥልብሃል። ዓይን ነው የበላኝ!»

ምስክር ሳቁን ዋጠ። እታገኝ ግን አልሳቀችም። ከሁለት ሳምንት በፊት እሷም ከለቅሶ ስትመለስ እዚሁ ጋቢና ተቀምጣ ነበር። ራሷን ወቅሯት፣ አቅለሽልሿት፣ ቤቷ ገብታ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ጣላት። ለምስክር ስትነግረው «አንቺ መኪና ሳትገቢም ያምሻል» አላት፤ እውነት ነውና ተወችው። ለእትዬ ደብሪቱ ግን አልነገረቻቸውም። ለማንም አልነገረችም።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ።

ይህን ቅደም ተከተል ሌላ ቦታ ታውቀዋለች። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ይኸው ጥር፣ ከቆላ የተመደበ አንድ ወጣት መምህር ብርዱ ቢጠናበት የከሰል ምድጃውን አልጋው አጠገብ አስገብቶ በሩንም መስኮቱንም ጠርቅሞ ተኛ። በማግስቱ ሰዎች በሩን ሰብረው ሲገቡ ጭስ የለ፣ ሽታ የለ፤ ልጁ ግን ፊቱ እንደ ጤነኛ ቀልቶ ደርቋል። ለቅሶው ላይ ያመሸ ሁሉ «ራሴን አመመኝ ብሎ ነበር» ሲል ሰምታለች።

«ፋንታሁን» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አሮጌው ሰንሰርና አዲሱ ተገናኝተው ያውቃሉ?»

«እ?»

«አንዱ ሌላውን አይቶታል ወይ? ጎን ለጎን ሠርተው ያውቃሉ?»

ፋንታሁን ምስክርን አየው። ምስክር ትከሻውን ሰበቀ።

«አሮጌውን ጥዬ ነው አዲሱን የገጠምኩት አልኩዎት እኮ፣ እትዬ። የት ይገናኛሉ?»

«እንግዲያው ውሸታሞች አይደሉም።»

አባቷ ይታየው ዕድሜያቸውን በርስት ሙግት የፈጁ ሰው ነበሩ። በበቅሎ ደብረ ብርሃን ድረስ እየተመላለሱ አሥራ አንድ ዓመት ተከራክረው፣ በአንድ እረኛ ምስክርነት ረቱ። ብዙም ሳይቆይ መሬት ለአራሹ መጣና ርስቱም ሙግቱም አብሮ ቀረ። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ምስክር ያሉት እሳቸው ናቸው፤ «ርስቱ ቢሄድ ስሙ ይቅርልኝ» ብለው። እታገኝ ልጅ ሳለች ከምድጃው ማዶ ተቀምጣ ሲሟገቱ፣ ሲያስረዱ፣ ከራሳቸው ጋር ሲከራከሩ ስትሰማ አድጋለች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማረችው ሁሉ ይልቅ ያ ነው ጆሮዋ ውስጥ የቀረው። «ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች አንድ ቃል ከተናገሩ» ይሉ ነበር አባቷ፣ «ነገሩ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ሰዎቹን ግን ሐሰተኛ አትበል። ምስክር የማይሆን ነገር ሲናገር አትቆጣው። የት ቆመህ አየህ በለው።»

«የት ቆሞ ነው የሚያየው?» አለች እታገኝ።

«ማን?»

«ሰንሰሩ። ቦታውን አሳየኝ።»

ፋንታሁን ትንሽ ተንፈስ አለና የእጅ ባትሪውን አብርቶ ወደ ሞተሩ አዘነበለ። «ይኸውልዎ። ከሞተሩ አራት የጭስ ቧንቧ ይወጣል። አራቱ እዚህ ይገናኛሉ። እሱ ከመገናኛው ዝቅ ብሎ ይኸው እዚህ ነው።»

«ከሞተሩ እስከ እሱ ድረስ መንገድ አለ ማለት ነው።»

«አለ፤ ይህን ያህል።» በክንዱ ለካላት።

«በመንገዱ ላይ ሌላ ሰው ቢገባስ? ከሞተሩ ያልወጣ አየር ከውጭ ሾልኮ ቢገባስ? እሱ ያሸተተውን ይናገራል። አየር አለ ይላል፤ አየሩ አለ። ከየት እንደመጣ በምን ያውቃል?»

ፋንታሁን ሞተሩ አየር ወደሚስብበት ቱቦ ሄደና አፉን በመዳፉ ግማሽ ሸፈነው። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ሊጠፋ ቃጣው። መሣሪያዋ ላይ ተቸክላ የነበረችው ቁጥር ብድግ አለች። ዜሮ ነጥብ አራት። ዜሮ ነጥብ ስምንት። እጁን ሲያነሣ ተመልሳ ወረደች።

«በሕይወት አለ» አለ በሹክሹክታ። «አየር ስከለክለው እውነቱን ተናገረ። ደህና ነው ዕቃው፣ ምስክር። ደህና ነው!»

«የትኛው ምስክር?» አለ ምስክር ሊቀልድ። የሳቀለት የለም።

«የሚያፈስ ነገር ቢኖር ግን እሰማው ነበር» አለ ፋንታሁን ጆሮውን ወደ ሞተሩ ሰጥቶ። «ጭስ ሲያፈስ ይጮኻል።»

ምስክር አገጩን አከከ። «ጠዋት ጠዋት ሳስነሣው ትስ ትስ የሚል ነገር አለ። ሲግል ይተወዋል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብርዱ ነው ብዬ ነዋ! መንዝ ውስጥ ጠዋት የማያስነጥስ ሞተር አለ እንዴ? ለተሳፋሪውም እንደዚያ ነው የምለው።»

ፋንታሁን ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋው። «ብረት ሲግል ያብጣል፤ ቀዳዳውን ያጠበዋል፤ ድምፁ ይጠፋል፣ ማፍሰሱ ግን አይቀርም። እኔ ዘንድ ሁሌም ግሎ ነው የሚመጣው። ይቀዝቅዝ። ሁለት ሰዓት ያህል እንጠብቅ።»

«ስድስት ሰዓት ላይ ልንነሣ?» አለ ምስክር። «እማዬ፣ አሁን በእናትሽ...»

«ይቀዝቅዝ» አለች እታገኝ።

ጠበቁ። እትዬ ደብሪቱ ፀሐይ ፈልገው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ከጓሳ በኩል እየመጣ የጋራዡን ቆርቆሮ ያንኳኳል። አምስት ሰዓት ሊሞላ ሲል የእታገኝ ስልክ ጠራ፤ «ማን ሞተ?» ሳትል አነሣችው።

«እማ፣ ልጅቷን ላጠቅልላት?» አለች የምሥራች።

«ቆይ ገና ነው። አጥቢያት።»

«ምን ሆናችሁ? ደግሞ ምን አስበሽ ነው?»

እታገኝ ጋቢናውን አየችው። ከሞተሩ በላይ የሚደፋው ክዳን ዙሪያውን ጎማ ነበረው፤ ጎማው ተበልቶ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቷል። ከላዩ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ፣ ልጅቷ በጋቢ ተጠቅልላ፣ ጣርማ በር እስኪደርሱ ድረስ እንቅልፍ ወስዷት፣ ሁሉም «ተመስገን፣ ልጅቷ ዛሬ አላስቸገረችም፣ እንዴት ጥሩ ተኛች» ሲሉ በሐሳቧ ሰማቻቸው። ያልሆነውን ሁሉ ስታወራ የኖረች ሴት፣ ይህን አንዱን ለመናገር አፏ አልታዘዝ አላት።

«ምንም» አለች። «ጎማ እየቀየሩ ነው።»

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፋንታሁን አስነሣው። ትስ ትስ የሚለው ድምፅ አለ፤ ግን ከየት? ከዚህ ሲሉት ከዚያ ይመስላል። እጁን ቢሰድ ማራገቢያው ያሰጋዋል፤ በዚያ ላይ ነፋሱ ነው።

እታገኝ ወደ ሾፌሩ ወንበር ሄደች። ምስክር ብርዱን የሚከላከልበት አጎዛ ተነጥፎበታል። ከጫፉ አንድ ቁንጥር ጸጉር ነጨች።

«እማዬ! አጎዛዬን!»

«ሽቦ ስጡኝ።»

ጸጉሩን ባዘተችው፣ ባዘተችው፤ እንደ ጭጋግ ስስ ሲሆን ሽቦው ጫፍ ላይ ጠምጥማ ለፋንታሁን ሰጠችው። እሱም ሳይጠይቅ ገባው። ሽቦውን በቧንቧዎቹ አጠገብ ቀስ ብሎ ወሰደው። አንደኛው ላይ ጸጉሩ ዝም አለ። ሁለተኛው ላይ ዝም አለ። ሦስተኛው ላይ ዝም አለ። አራተኛው ቧንቧ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ሲደርስ ጸጉሩ ተርገፈገፈ፤ ወደ ውጭ ተገፋ፣ ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ተገፋ፣ ተሳበ፣ ልክ ሕፃን እንደሚጠባው። ቀጥሎ ጫፉ ጠቆረ።

ፋንታሁን ሞተሩን አጥፍቶ ባትሪውን ወደ ጥጉ አስጠጋ። ብዙ ጊዜ አየ። ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል።

«አንዱ ቡሎን የለም» አለ። «ቡሎን በሌለበት በኩል በመሐል ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ተቃጥሏል። በሚተፋበት ጊዜ ጭሱ እዚህ ወንበር ሥር ይወጣል፤ በሚስብበት ጊዜ የውጭውን አየር ይስባል። ሰንሰሩ የሚያየው ያንን ነው።»

«ማነው ቡሎኑን ሳያስር የተወው?» አለ ምስክር ደሙ ፈልቶ። «ማነው የነካብኝ? ንገረኝ፣ ዛሬ...»

«እኔ ነኝ።»

ፋንታሁን ጨርቁን እጁ ላይ ጠመጠመው፣ ፈታው። «ነሐሴ ላይ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ቡሎኑ ተቆረጠብኝ። በሦስቱ ይይዛል፣ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ ብዬ አሮጌውን ጋስኬት መልሼ አሰርኩት። ከዚያ ረሳሁት። መስከረም ላይ መብራቱ ሲበራ እንኳ ትዝ አላለኝም። ሁለት ሰንሰር ሙሉ ውሸታም እያልኩ ስሳደብ...»

እታገኝ እስከዛሬ ያልተናገረችውን ሁሉ የምትናገርበት ሰዓት ነበር። እጆቹን አየቻቸው፤ ጥፍሩ ሥር የገባው ጥላሸትና ጨርቁን መልሰው የሚጠመጥሙት ጣቶቹ። ይህ ልጅ ዛሬ ማታ እንደማይተኛ አወቀች። አለመተኛትን ታውቀዋለች።

«ጋስኬት አለህ?» አለችው።

«ለሌላ ደንበኛ ያመጣሁት አለ። ለእሱ ሌላ አመጣለታለሁ።»

«እንግዲያው እሰረው። አራቱንም ቡሎን።»

እትዬ ደብሪቱ ከጎማው ላይ ተነሥተው ነበር። «ስለዚህ ዓይን አይደለም እያላችሁኝ ነው?»

«አይደለም እትዬ ደብሪቱ» አለች እታገኝ። «እኔንም በልቶኝ ነበር።»

«እሰይ! የጎረቤቴን ልጅ ነበር የጠረጠርኩት። ሐሙስ ጠዋት ከዚህ ስሳፈር አፍጥጣ ስታየኝ...» አማተቡ። «ዛሬውኑ ይቅርታ ባልላት!»

የተቆረጠውን ቡሎን ከሞተሩ ውስጥ ለማውጣት ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀ። ፋንታሁን ምሳ ሳይበላ፣ ቀና ሳይል ሠራ። የሞተሩን ክዳን ዙሪያ ደግሞ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቆርጦ አዲስ ጎማ ሰፋለት። ሰባት ሰዓት ሲሆን መሣሪያዋን መልሶ ሰካ። ቁጥሯ ወጣች፣ ወረደች፣ ወጣች፣ ወረደች። እታገኝ እያየቻት ሳታውቀው የራሷን ትንፋሽ ከቁጥሯ ጋር መቁጠር ጀመረች።

«ስንት ልክፈልህ?» አለ ምስክር ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አትስደበኝ» አለ ፋንታሁን።

እታገኝ ግን አልጨረሰችም። የተመለሰውን ጋቢና ወንበር በእጇ መታ መታ አደረገችና ወጥታ ተቀመጠችበት። «መስኮቱን ሁሉ ዝጋና ንዳ። እስከ ጓሳ መገንጠያው ደርሰህ ተመለስ።»

«እማዬ፣ ሰባት ሰዓት ሆኗል!»

«ንዳ።»

ሄዱ፣ ተመለሱ። እታገኝ ዓይኗን ጨፍና ራሷን አዳመጠች፤ ግንባሯን፣ ማጅራቷን፣ ሆዷን። ምንም የለም። ምንም አለመኖሩን ማመን ግን ከራስ ምታቱ ይልቅ ከበዳት። ወደ ከተማው ሲቃረቡ ምስክር ከመንገዱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «እኔንም በየቀኑ ያመኝ ነበር» አለ። «እንቅልፍ ማጣት ነው እያልኩ። መስኮቴን ስከፍት ተሳፋሪው ዝጋው እያለ ይጮኽብኛል፤ እኔም እዘጋለሁ።»

እናቱ እጇን ዘርግታ ማጅራቱን ያዘችው፤ ቤት እስኪደርሱ አለቀቀችውም።

ደጃፉ ላይ የምሥራች ልጅቷን በጋቢ ጠቅልላ፣ ጋቢው ላይ ነጠላ ደርባ ቆማ ነበር፤ ሕፃኗ ከአፍንጫዋ ጫፍ በቀር አትታይም። ሰባት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። አሁን ቢነሡ ሳይጨልም ይገባሉ።

«የጎማ ነገር ይህን ያህል?» አለች የምሥራች።

ምስክር ወደ መሪው ጎንበስ አለና የእመቤታችንን ሥዕል ጥግ በጥፍሩ ፈለቀቀው። ቀስ ብሎ፣ ሳይቀድ አነሣት፤ ተሳለማትና ከፍ አድርጎ ከመስታወቱ በላይ ለጠፋት። ሥዕሏ የነበረችበት ቦታ ጨለማ ነው። ቢጫው መብራት አልበራም።

«አሁን ቢበራ አየዋለሁ» አለ እናቱን ሳያይ።

«ኧረ ግቢ ልጄ፣ ብርዱ ጨረሰሽ!» አሉ እትዬ ደብሪቱ፤ እሳቸው ከኋላ ቦታቸውን ይዘዋል። «ጋቢና ግቢ፣ ይሞቅሻል።»

የምሥራች አንድ እግሯን አንሥታ እናቷን ጠበቀች። እንዲህ ያለ ጊዜ እናቷ አንድ ነገር እንደምትል ታውቃለች። ምስክርም ሞተሩን አስነሥቶ ጠበቀ።

እታገኝ መዳፏን ከፈተች። ከአጎዛው የነጨችው ጸጉር የቀረው ቁንጥር እዚያው ነበር። ከነጠላዋ ዘርፍ አንድ ክር መዘዘች፤ ጸጉሩን አስራ በሞተሩ ክዳን ጠርዝ ላይ፣ ከምንጣፉ በላይ አንጠለጠለችው። ጎንበስ ብላ አየችው። ሞተሩ ይሠራል፤ ጸጉሩ ተንጠልጥሏል። አንድ አባታችን ሆይ የሚያስደግም ጊዜ አየችው። አልተንቀሳቀሰም።

ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።

«ግቢ» አለች።

እሷ ራሷ ከልጇ ጀርባ፣ ጸጉሩ በሚታይበት በኩል ተቀመጠች። በሩ ተዘጋ። ሚኒባሱ የሞላሌን መንገድ እንደያዘ እጇን ወደ መስኮቱ ሰደደችና አንድ ጣት ያህል ከፈተችው።

«ኧረ ዝጊው እታገኝ! ሕፃን ይዘን!» ብለው ጮኹ እትዬ ደብሪቱ። «ነፋስ ይገባል!»

እታገኝ የነጠላዋን ጫፍ አጣጥፋ፣ መስኮቱ መልሶ እንዳይዘጋ ክፍተቱ ውስጥ ወሸቀችው።

«ትንሽ ይግባ» አለች።